ለልጁ እምቢ ብሎ የማያውቀው ጎሚስታ

ሀብታም ከሆነም በኋላ የሰፈሩ ሰው የሚጠራው ጎሚስታው እያለ ነበር፤ እሱም አይከፋውም። ወጣት ሳለን ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ በቆርቆሮ በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አብረን ጎማ ስንጠግን ኖረናል። እኔ ጎማውን ከቸርኬው እፈለቅቃለሁ፤ እሱ የውስጡን ጎማ ነፍቶ ውኃ ውስጥ ይነክርና አረፋው የሚወጣበትን ቦታ ጎንበስ ብሎ ይፈልጋል። ቀዳዳውን ሲያገኝ፣ ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደያዘ ሰው፣ «አሁን የት ልትገባ ነው?» ይለዋል። በክረምት ጣቶቹ ከውኃው ብዛት ይሰነጣጠቁ ነበር። ማስቲሹ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ያቃጥለዋል፤ ሲያማርር ግን ሰምቼው አላውቅም።

ኋላ ቀናውና አዲስ ጎማ የሚሸጥ ትልቅ መደብር ከፈተ። የመጋዘኑን ቁልፍ ለእኔ ሰጠኝ። በመካከላችን የአለቃና የሠራተኛ ወግ አልነበረም፤ ሲያጠፋ እናገረዋለሁ፣ ሲከፋው ያኮርፈኛል፣ በማግስቱ ምሳ አብረን እንበላለን። የምንጣላው ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነበር፤ በልጁ።

ሚስቱ የሞተችው ልጁ ገና ድክ ድክ ሲል ነው። ከዚያ ወዲያ ያ ቤት እምቢ የሚባል ቃል ተሰምቶበት አያውቅም። ልጁ እስኪጠይቅም አይጠበቅ፤ ዓይኑን የጣለበት ነገር ሁሉ ማታ ቤቱ ይገኛል። አንድ ቀን የብስክሌቱ ጎማ ተንፍሶበት እስከ መደብሩ እየገፋ መጣ። እኔ ውኃና ማስቲሽ ሳዘጋጅ፣ አባትየው ሌላ ብስክሌት እንዲገዛ ሰው ላከ።

«ጎሚስታ ሆነህ ለተነፈሰ ጎማ ብስክሌት ትገዛለህ?» አልኩት። «ሰው ቢሰማ ሙያህን ይጠራጠራል።»

«የእኔ ጣት የተሰነጠቀው ይበቃል» አለኝ። «አንተ ደግሞ በሕፃን ልጅ አትቅና።»

ሳቅሁ፤ ነገሩ የሚያስቅ ነበር። የማያስቀው በሌላ ጊዜ የሆነው ነው። ልጁ ከክፍል ጓደኛው ጋር ተጣልቶ መነጽሩን ሰበረበት። ሳይጸጽተው አልቀረም፤ አባቱ ቢሮ በር ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው?» አለ።

አባቱ ፊቱን አየና ሾፌሩን ጠራው። ያንን ልጅ መነጽር ቤት ወስዶ፣ ከተሰበረው የበለጠ እንዲገዛለት አዘዘ።

«ልጅህ ራሱ ይሂድ እንጂ» አልኩት።

«ፈርቷል፤ አይታይህም? እኔ እያለሁ ለምን ይጨነቃል?»

ልጁም ቀለል አለውና ወደ ጨዋታው ሄደ።

የሀብታም ልጅ ሁሉ ዱርዬ ይሆናል የሚሉ አሉ። ይህኛው አልሆነም። ጨዋ ሆኖ አደገ፤ አባቱ በሌላ ከተማ የከፈተለትንም ሥራ በወጉ ይዞታል። እጁም አይሰስትም። ባለፈው ዓመት የጎሚስታው ልብ ደክሞ ቀዶ ሕክምና ሲቀጠርለት፣ ልጁ ለብቻው የሆነ ክፍል አስያዘለት፤ ከአጠገቡ የማትለይ ነርስ ቀጠረለት፤ አዲስ ስልክ ላከለት። ጎሚስታው ግን የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ቀዶ ሕክምናው ከመግባቱ በፊት ልጁን ማየት። ይህንንም ለእኔ ነገረኝ እንጂ ለልጁ አልነገረውም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ከትራሱ ቀና ይላል። አንዴ ሐኪሙ ነው፣ አንዴ የጽዳት ሠራተኛዋ።

«አባባ፣ የሚጠብቁት ሰው አለ?» አለችው ነርሷ።

«ኧረ የለም፣ የኔ ልጅ። አንገቴን እያፍታታሁ ነው።»

ይህን ስሰማ ትዕግሥቴ አለቀና እዚያው አጠገቡ ሆኜ ለልጁ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ምን ጎደለው?» አለኝ። «ይንገሩኝ፣ አሁኑኑ ይላካል።»

«አንተን ማየት ይፈልጋል። የሚገባው ነገ ጠዋት ነው፤ ዛሬ ብትነሳ ትደርሳለህ።»

«እኔ መጥቼ ምን አደርጋለሁ ጋሼ? ሐኪም አይደለሁ። ደግሞ እንዲህ ተኝቶ ሳየው እፈራለሁ። ሌላ ስፔሻሊስት ቢጨመርስ?»

እየቀለደ አልነበረም። ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ነገር ሲበላሽ የተሻለ ነገር ሲላክ እንጂ ሰው ራሱ ሲሄድ አላየም። ምን ብዬ እንደማስረዳው ሳስብ፣ ጎሚስታው እጁን ዘርግቶ ስልኩን ወሰደብኝ።

«ምንም አልጎደለኝም ልጄ» አለው። ልጁ አንድ ነገር ጠየቀው። «ምን ቆርጦኝ እቀየምሃለሁ? አትምጣ። ሥራህን ሥራ።»

ስልኩን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠው።

«አሁን ይህ ምን ይባላል?» አልኩት። «ብትነግረው እኮ ይመጣ ነበር።»

«ባልመጣ አትቀየመኝም ወይ አለኝ። ድምፁን ብትሰማው…» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «የጠየቀኝን ከልክዬው አላውቅም። እንዴት እንደሚከለከልም አላውቅበት።»

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ልጁ ደውሎ «ይኸው ጋሼ፣ በሰላም አለቀ አይደል?» አለኝ፤ ደስታው ከልቡ ነበር። እኔም አዎ አልኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ?

አሁን ጎሚስታው ከነርሷ ጋር በዚያ ሰፊ ቤት ይኖራል። እሁድ እሁድ ሄጄ ስጠይቀው ብዙ ጊዜ ልጁ ይደውላል። «ልምጣ እንዴ አባዬ?» ይለዋል። «አትድከም ልጄ፣ ደህና ነኝ» ይላል አባትየው። ልጁም ያምነዋል። ከአባቱ አፍ የሰማውን ለምን ይጠራጠራል?