አሥራ ስድስት ሰዓት

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ላይ የገባውን መልእክት ሰባት ጊዜ አነበብኩት። ቲቸር ዶክተር ሆናለች፤ የከዋክብት ፊዚክስ ዶክተር። የመመረቂያ ጽሑፏ ምስጋና ገጽ ላይ ጂንካ ሆነው ኮከብ የተመለከቱ ተማሪዎች ስም ተዘርዝሯል። ሦስተኛው የእኔ ነው። ስጮህ እናቴ እባብ የገባ መስሏት ዱላ ይዛ መጣች።

እልልታው ሲበርድልኝ ያ የእስር ክፍል ትዝ አለኝ።

ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሁለት ፖሊሶች መጡና ቲቸርን ከሰሌዳው ፊት፣ እኔን ከወንበሬ አስነሡን። ቲቸር ጠመኔውን ለማስቀመጥ እንኳ ጊዜ አላገኘችም፤ ጣቢያ ስንደርስ አሁንም በጣቶቿ መሃል ነበር። ያስገቡን ክፍል ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የሽንት ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ውስጥ አንዲት የአሪ ብሔረሰብ እናት ቀድመውን ተቀምጠዋል፤ አልዱባ ገበያ ላይ ከሚሊሻ ጋር ተጨቃጭቀው ነው። ቦታ ለቀቁልን፤ ምን አጠፋችሁ ብለው ግን አልጠየቁንም።

ያጠፋነው ይህ ነው። ከተማው ያልተረጋጋበት ሰሞን ነበር፤ ሰብሰብ ብሎ መቆም ራሱ ያስጠረጥራል። የእኛ የትምህርት ቤቱ የኮከብ ክበብ ደግሞ መሸት ሲል ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሰማይ ያያል። አንድ ኮከብ አለ፤ ጥቂት ቀን ይደምቃል፣ ጥቂት ቀን ይደበዝዛል። አጠገቡ ካሉት ጋር እያስተያየን ድምቀቱን በቁጥር፣ አጠገቡም ሰዓቱን ደብተር ላይ እንጽፋለን። ሰዓቱ ግን የእኛ አይደለም፤ የዓለም ተመልካቾች ሁሉ የሚጠቀሙበት፣ ከሀገራችን በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀር አቆጣጠር ነው። የእኛ ምሽት አንድ ሰዓት በፈረንጅ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ሦስቱ ሲቀነስ እዚያ አሥራ ስድስት ተብሎ ይጻፋል። ይህን ያስተማረን የላብራቶሪው መምህር ነው። ክበቡን ያቋቋሙት ከቲቸር ጋር አብረው ነው፤ ከደብተሩ ገጾች ግማሹ በእሱ እጅ የተጻፈ ነው።

የጣቢያው ሳጅን ከእኔ ቦርሳ የተገኘውን ደብተር ገለጠና፣ “አሥራ ስድስት ማለት በፈረንጅ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። በጠራራ ፀሐይ ነው ኮከብ የምታዩት?” አለ። ለማን ምልክት እንደምንሰጥ እንድንናገር ፈለገ። ቲቸር ሦስት ጊዜ አስረዳችው። በመጨረሻ ሌላ የሚያውቅ መምህር መጥቶ ከመሰከረ እንደሚለቀን ነገረን። እኔ ሳቄ መጣ፤ ከዚህ የቀለለ ነገር የለማ። የላብራቶሪው መምህር ተጠራ።

ሁለት ቀን ጠበቅነው። ቆርቆሮው ላይ የምስማር ቀዳዳ ነበረች፤ በእሷ የምትገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ክብ ሆና ታርፋለች። ቲቸር ክቧ የቀዳዳዋ ቅርጽ እንዳልሆነች፣ የፀሐይዋ የራሷ ምስል እንደሆነች ነገረችን፤ በያዘችው ጠመኔም የምትሄድበትን ምልክት ታደርግ ጀመር። የአሪዋ እናት ጎንበስ ብለው አዩና፣ “ፀሐይንም አሰሯት እንዴ?” አሉ። ሦስታችንም ሳቅን።

ያኔ ነው ስለ ራሷ ያወራችን። አባቷ ነርስ እንድትሆን ፈልገው ነበር። መምህር ሆና መጀመሪያ የተመደበችው ሃና የምትባል ሩቅ ከተማ ነው፤ መኪና ስለማይገኝ ቅዳሜና እሁድ መሄጃ የላትም፣ ያላት ሰማዩ ብቻ ነበር። እዚያ የጀመረችው ምልከታ ሦስት ዓመት ሞልቶታል፤ ዶክትሬት ለመማር ያመለከተችው በዚያ ደብተር ነው። እንደ ማስረጃ ተይዞ ከቀረ ሌላ ቅጂ የላትም።

በሦስተኛው ቀን የላብራቶሪው መምህር መጣ፤ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ። አወጡን። ሳጅኑ ደብተሩን ሰጠው። ገጹን አገላበጠ፣ መነጽሩን አስተካከለ።

“ይህ ሰዓት ምን እንደሆነ አላውቅም” አለ። “እኔ ክበቡ ውስጥ የለሁበትም።”

ቲቸር ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “የገዛ እጅ ጽሑፍህ እኮ ነው” አለችው።

ቃሉን ሰጥቶ ፈረመና ሄደ። እኔን አላየኝም፤ ባለፈው ሴሚስተር “ጎበዝ፣ አሥራ ስድስትን ያልረሳሽ አንቺ ብቻ ነሽ” ያለኝ ሰው።

ክፍሉ ውስጥ ተመልሼ አለቀስኩ። ቲቸር ትከሻዬን ነካ አድርጋ ወለሉን አሳየችኝ። ክቧ የትናንቱ ምልክት ላይ ደርሳለች።

“ስንት ሰዓት ነው?”

“ስድስት ተኩል።”

“በደብተሩስ?”

“ዘጠኝ ተኩል” አልኳት፣ እየተንሰቀሰቅኩ።

“እሱ ባያውቀውም አንቺ ታውቂዋለሽ” አለች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ለቀቁን። ተሳስተናል ያለን ሰው የለም። ሳጅኑ ደብተሩን ለቲቸር ወርወር አደረገላትና መዝገብ አቀረበ፤ ስም፣ የወጣችሁበት ሰዓት፣ ፊርማ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። ቲቸር ረጋ ብላ “06:00” ብላ ጻፈች። እኔ ሦስት ብዬ ብጽፍ ማንም አይቀየመኝም ነበር። እኔም ከሥሯ “06:00” ብዬ ጻፍኩ። ሳጅኑ መዝገቡን ዘጋው።

አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በሳጅኑ ብዙም አልናደድም፤ እሱ አያውቅም ነበር። ያኛው ግን ያውቃል። ትናንት ፌስቡክ ላይ የቲቸርን ፎቶ ለጥፎ “የክበባችን ፍሬ” ብሎ ጽፎበታል። ከሥሩ የምጽፈውን አራት ጊዜ ጻፍኩ፤ አራት ጊዜ አጠፋሁ። ይህን የጻፍኩት በዚያ አስተያየት ፈንታ ነው።

ቲቸር ቅዳሜ ጂንካ ትገባለች። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ እንሆናለን፤ የክበባችን ልጆች፣ እርሳስ ይዛችሁ ኑ። የድሮው ደብተር ባዶ ገጾች አሉት። የላብራቶሪው መምህርም ቢመጣ አናባርረውም። በእጁ ከጻፋቸው ገጾች የመጀመሪያውን አውጥተን እንሰጠዋለን፤ ሰዓቱን ሁላችንም እየሰማን ያንብብልን።