የተለቀመ ምስር

ከቤት ርቆ የሚያድርን ሰው እንቅልፍ የሚነሳው ጫጫታ ነው ይባላል። ውሸት ነው። ሰሞኑን ሐዋሳ፣ ዝንብ በማይሰማበት ሆቴል ውስጥ ስገላበጥ አድሬ፣ ዓይኔ የተከደነው ንጋት ላይ ከመስኮቴ ሥር ካለው ወጥ ቤት ምስር ትሪ ላይ ሲንሿሿ ስሰማ ነው።

ስድስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ልትወልድ ሆስፒታል ስትገባ ውቤ በረሃ፣ እህቷ ቤት አሳደሩኝ። የመጠጥ ቤቶቹ ዘፈን ግድግዳውን ይነቀንቀዋል፤ እኔ የማስበው ግን እናቴን ብቻ ነው። አክስቴ ምስር የምትለቅምበትን ትሪ ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አትተኛም?»

«እማዬ ብትመጣስ?»

«አንተ ዘበኛ ነህ እንዴ? የዛሬው ተራ የእኔ ነው፤ ተኛ።»

እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል፣ ለቅማ የጨረሰችውን ምስር መልሳ ትሪው ላይ ገልብጣ እንደገና ስትለቅም አየኋት። ዝንጉ መሰለችኝ። ለእህቷ ፈርታ እሷም እንቅልፍ አጥታ እንደነበር የገባኝ ከጎለመስኩ በኋላ ነው።

በማግስቱ እናቴ እህት ይዛልኝ በሰላም ተመለሰች። እኛም ሳምንቱን ሙሉ አክስቴ የለቀመችውን ምስር በላን።

የዘመድ ልጅ ቤታችሁ ሲያድር ከእሱ ቀድማችሁ አትተኙ።