የደሴ ዳገት ካንዴላ ጅቡቲ ላይ

ከከሚሴ የወጣሁት መግሪብ እንደተሰገደ ነው። አጎቴ ገና ከመስጊድ አልተመለሱም፤ እናቴ ደግሞ እያወቀች የማታውቅ መስላ ጓሮ ዶሮዎቿን ታስገባለች። ሻንጣ አልያዝኩም፣ አንዲት ፌስታል ብቻ ናት። ሻንጣ ይዛ በዚያ ሰዓት አስፋልት ዳር የቆመችን ሴት የከሚሴ ሰው እስኪነጋ አይጠብቃትም፤ በወሬ እዚያው ይድራታል፣ እዚያው ያስወልዳታል! የባቲው ሾፌር ጋሽ ከድር መኪናውን አቁሞ በሩን ከፈተልኝና፣ «ኤሳ ዴምታ፣ ኢንታላ ኮ? ወዴት ነው ልጄ?» አለኝ።

«ካንዴላ በስሜ ወደምሸጥበት አገር» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ለምን እንደወጣሁ ከእኔው ስሙት፤ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ነግሯችሁ ይሆናል። ርቦኝ አይደለም፤ ያን ዓመት የጨፋ ማሽላ ሰው ይውጥ ነበር። በአጎቴ የመለዋወጫ ሱቅ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ። ከሰንበቴ እስከ ባቲ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ካንዴላ ሲገዛ «ዘይነባ ትምረጥልኝ» ነው የሚለው። ካንዴላ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ሞተር ውስጥ ቤንዚኑን የምትለኩስ ጣት የምታክል ዕቃ ናት፤ እሷ ከሌለች ሞተሩ ብረት ብቻ ነው። አንድ ቀን አጎቴ ልጃቸውን ከኮምቦልቻ አመጡና፣ «ከእንግዲህ ሱቁ በእሱ ስም ነው፤ አንቺ ታግዥዋለሽ» አሉኝ። ማንን ነው የማግዘው? ካንዴላና ሚስማር የማይለየውን? «የእኔ ስምስ?» ብላቸው፣ «የሴት ልጅ ስሟ ባሏ ቤት ነው» አሉኝ። አላህ ይይላቸው! እኔ የተሰደድኩት ያን ቀን ነው፤ እግሬ ነው የዘገየው።

ከባቲ በኋላ ያለውን አላስረዝምባችሁም። ሚሌ፣ ከዚያ ድንበሩ፣ ጋላፊ። ኬላውን በጎን በእግር ዞርኩት፤ መንገድ መሪው ከፊት ከፊት እየሄደ ውኃ ስጠይቀው «ደርሰናል» ይለኛል። መንገድ መሪ «ደርሰናል» ሲላችሁ ገና ግማሽ ነው፤ የምትመጡ ልጆች ይህን ያዙ።

ጅቡቲ! እናንተዬ፣ ቆላ እናውቃለን ብለን ነበር እኮ። የባቲ ሙቀት፣ የባቲ ሙቀት ስንል ኖርን፤ ለካስ ባቲ ጥላ ናት። ኸምሲን የሚሉት ነፋስ ሲነሳ ምድጃ ፊታችሁ ላይ የተከፈተ ይመስላችኋል። ዳቦው ክንድ ያክላል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው፤ «ባጌት» ይሉታል። በማሽላ እንጀራ ያደግኩ ልጅ ሁለቱን ጨርሼ ምሳ መቼ ነው ብዬ ጠየቅኩ። ሰላምታቸውማ! «ሳ ቫ?» «ሳ ቫ።» አለቀ። እኛ ዘንድ ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ የታመመው ሳይጠየቅ ማን ያልፋል? ቢሆንም ወላሂ አልመለስም አልኩ።

አንዲት ክፍል ያከራዩኝ ሐጂ ጉሌድ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀን ቀን እዚያው ቤታቸው አበስላለሁ። ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛ ይናገራሉ፣ ወንዱንና ሴቱን እያደባለቁ። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ ጂፕ አላቸው፤ ፈረንሳዮችን አሰል ወደሚባለው የጨው ሐይቅ ያመላልሱበታል። የጎደለኝ «ካርት» ነው፣ የመኖሪያ ወረቀት። ካርት የሌለውን ፖሊስ በካሚዮን ጭኖ ጋላፊ ላይ ያራግፈዋል፤ ከጋላፊ ደግሞ መንገዱ ቀጥ ብሎ አጎቴ ሱቅ ደጃፍ ነው የሚያደርሰው። ከሞትኩም ልሙት እንጂ በዚያ በር በፖሊስ ተመልሼ አልገባም! ካርት ለማግኘት ዋስ ያስፈልጋል። ሐጂን ለመንኳቸው፤ መለዋወጫ እሸጥ እንደነበርም ነገርኳቸው።

«ይሄ ጂፕ ይስላል» አሉኝ። «አስተካክል፣ ዋስ ነኝ።»

ካንዴላዎቹን ነቀልኩ፤ ጫፋቸው ተበልቶ እሳቱ የሚዘልባት ክፍተት ሰፍታለች። አዲስ ልገዛ ሄድኩ። ሻጩ ሁለት ዓይነት ዘረጋልኝ። ካንዴላ ከታች ነጭ የሸክላ ጥርስ አላት። ጥርሷ ረጅም ከሆነ ሙቅ ናት፤ ሙቀቷን ይዛ ጥቀርሻዋን ራሷ ታቃጥላለች። አጭር ከሆነ ቀዝቃዛ ናት፤ ሙቀቷን ቶሎ ለሞተሩ ብረት ታስረክባለች። እኔ ከሚሴ ምን ስሸጥ ኖርኩ? ረጅሟን! የእኛ መኪና ሁሉ የደሴን ዳገት ይወጣል፤ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ አሮጌ ሞተር ቤንዚኑን አቃጥሎ አይጨርስም፣ ካንዴላዋ በጥቀርሻ ትታፈናለች። ሻጩ «ቡዢ ፍሯድ፣ ፍሯድ» እያለ አጭሯን ገፋልኝ፤ ቀዝቃዛዋን ካንዴላ ውሰጅ ማለቱ ነው። «ለእኔ ካንዴላ ልታስተምር?» ብዬ ረጅሟን አነሳሁ።

አሮጌዎቹን እንደ ከሚሴ ደንብ በጋዜጣ ጠቅልዬ ለሐጂ በእጃቸው ሰጠኋቸው። እኛ ዘንድ ከመኪና የተነቀለ ዕቃ የባለመኪናው ነው፤ ያልመለሰ ሌባ ይባላል። ሐጂ «ቆሻሻ ለእኔ ትሰጣለህ?» ብለው የጂፑ ወንበር ሥር ወረወሩት። ጂፑ ግን ከተማ ውስጥ ማሳሉን ተወ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ሐጂ ወደ አሰል ሲሄዱ ለሁለት ፈረንሳዮች ምግብ ላዘጋጅ አብሬ ተሳፈርኩ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች ነው፤ መውረዱንስ ወረድን። ስንመለስ፣ ዳገቱ ላይ፣ በዚያ ቀትር፣ ሞተሩ ውስጥ በመዶሻ የሚቀጠቅጡ መሰለ። ተንኳኳ፣ ተንኳኳ፣ ቀጥ አለ። ፈረንሳዮቹ ጥላ ፈለጉ፤ ከየት ይምጣ? ሐጂ ወርደው ሻሻቸውን መሬት ጣሉት። «ዋስ የለም! ካርት የለም! ፖሊስ ራሴ ነው የምጠራ!»

ሞተሩ በረድ ሲል አንዷን ነቀልኩ፤ ጥርሷ እንደ ኖራ ነጥቷል፣ ጫፏ ቀልጧል። ዳገት ሳይ ደሴ መስሎኝ ኖሯል! እዚህ አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱም ከሰይጣን ነው፤ ሙቀት የምትይዝ ካንዴላ ራሷን ትበላለች። ወዲያው ወንበር ሥር ገብቼ ጋዜጣውን ፈታሁ። አሮጌዎቹ ባለአጭር ጥርስ ናቸው! መጀመሪያም ዓይነታቸው ትክክል ነበር፤ ክፍተታቸው መስፋቱ ብቻ ነው ጂፑን ያሳለው። በጨርቅ ፈተግኳቸው፣ ጫፋቸውን በድንጋይ ቀስ አድርጌ መታ መታ አደረግኩ፣ ክፍተቱን በጥፍሬ ለካሁ፣ መልሼ ጠመዘዝኳቸው።

«ያስነሱት» አልኳቸው።

ተነሳ። እያነከሰም ቢሆን ዳገቱን ጨረሰው።

«አንተ ሰበርክ፣ አንተ ሠራህ» አሉ ሐጂ መሪውን ይዘው። «ስለዚህ ዜሮ ነው።»

«ዜሮ ከሆነ የድሮው ቃልዎ እንዳለ ነው» አልኩ። ከተማ ስንደርስ እንግዶቹ ወረዱ፤ እኔ አልወረድኩም። «ካርት የሚሰጥበት ቢሮ ካልወሰዱኝ እዚሁ ነው የማድረው።» ተቆጡ፣ ለመኑ፣ በሱማሌኛ ሰደቡኝ። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ነዱት።

የቢሮው ሹም ቀና ሳይል «ፕሮፌሲዮን?» አለ፤ ሥራዋ ምንድን ነው ማለት ነው። ሐጂ «ቦን» አሉት፤ የቤት ሠራተኛ።

«አይደለሁም። ካንዴላ ሻጭ ነኝ» አልኩ። ሐጂ ተነፈሱና ተረጎሙለት።

ሹሙ ሳቀ። «ሴት ቡዢ ትሸጣለች? ዴማን፣ ነገ ትምጣ።»

በነጋታው በሩን ሲከፍት ቀድሜው ቆሜያለሁ፤ ሐጂንም ከቁርሳቸው አንስቼ ይዣቸው መጥቻለሁ። «ነገ ብሎ ነበር፣ መጣሁ በሉት» አልኳቸው።

«ሐጂ፣ ይህችን ሴት ከየት አመጡብኝ?» አለ ሹሙ።

«እኔ አላመጣሁም፣ ራሱ መጣ። ከጂፕ አይወርድ፣ ከቢሮ አይወጣ። ያለውን ጻፍለትና ገላግለን።»

ጻፈ። ዘይነባ፣ መለዋወጫ ሻጭ። ዛሬ የሐጂ ግቢ አጥር ላይ መስኮት አስከፍቼ ካንዴላ እሸጣለሁ፤ አጭሯን።

ካርቱን በያዝኩ ሳምንት ከሚሴ ደወልኩ። ያኔ ሞባይል ገና ስላልገባ ስልክ ያለው አጎቴ ሱቅ ነው። ያነሱትም እሳቸው ናቸው። «ዘይነባ! አለሽ? አልሀምዱሊላህ!» ዝናቡ ጥሩ ነው፣ ቦርከና ሞልቷል፣ እናትሽ ደህና ናት አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጁ ሱቁን አልቻለበትም። ሾፌሮቹ ሸሹ። በቃ ነይ፣ ቦታሽ ላይ ተቀመጭ» አሉ።

ከኋላቸው የመኪና ጥሩምባ ይሰማኛል፣ አንድ ሰው ግማሽ በአማርኛ ግማሽ በኦሮምኛ ዋጋ ይከራከራል። ያ ረቢ! ያ ቤት እንዴት ናፍቆኛል!

«በማን ስም?» አልኳቸው።

ለሚከራከረው ሰውዬ ዋጋ ሲነግሩት ሰማሁ።

«ሱቁ በማን ስም ይሆናል፣ አጎቴ?»

«አንቺ ደግሞ! ስም ምን ያደርግልሻል? የገዛ ቤትሽ አይደል?»

«እንግዲያው እሱው ይቀመጥበት» አልኩ። «ለደሴ መንገድ ረጅሟን ይስጥ በሉት፤ ሾፌሮቹ ይመለሳሉ። አሁን እናቴን ጥሩልኝ።»

አስጠሯት። መጥታ መጀመሪያ ትንፋሿን ሰበሰበች፤ ሮጣ ነው የመጣችው። «ዘይኑዬ፣ መቼ ነው የምትመጪልኝ?»

«ሱቁ ላይ ስሜ ሲጻፍ፣ እማ።»

አጎቴ አጠገቧ እንዳሉ እያወቀች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፦

«እኔ መጻፍ ባውቅ ኖሮ፣ ልጄ፣ ዛሬውኑ እጽፍልሽ ነበር።»