ክንፍ የሌለው መንኮራኩር

ልጅ ሆኜ ያልገባኝ ነገር ብዙ ነው፤ የአባቴን መንኮራኩር ያህል ግራ ያጋባኝ ግን የለም። አባቴ ካሳ የመካነ ሰላም የናፍጣ ወፍጮ መካኒክ ነበር። ያ ክፉ ድርቅ መጥቶ የሚፈጭ እህል ሲጠፋ ወፍጮው ተዘጋ፤ እሱም መፍቻዎቹን ተሸክሞ ጓሯችን ካለችው ዛኒጋባ ገባ። ዛኒጋባዋ ዝገትና ናፍጣ ትሸታለች። እናቴ በሩ ላይ የተከመረውን ብረት እያየች "አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" ብላ ትተርትበታለች።

የዘይት ቆርቆሮ ክብ ክብ አድርጎ ይቆርጥና በአንድ ዘንግ ላይ ይደረድራል፤ ክቦቹ እንዳይነካኩም በየመሃሉ ስስ ሮንዴላ ያስገባል። የዘንጉ ሁለት ጫፎች እንደ ልብ እንዲሽከረከሩ ከደሴ ባመጣቸው ሁለት ኩሽኔታዎች ላይ ያርፋሉ። ከጣሪያው በርሜል በቀጭን ቱቦ የሚወርደው ውሃ የክቦቹን ጠርዝ ሲልሰው ነገሩ ሁሉ እያፏጨ ይዞራል። ውሃውም ሥር ባለው ገንዳ ተጠራቅሞ በባልዲ ወደ በርሜሉ ይመለሳል፤ ባልዲዋን የማመላልሰው እኔ ነኝ። የውሃ ወፍጮ አይቼ አውቃለሁ፤ መዘውሩ ውሃው የሚመታው ክንፍ አለው። ይሄ ግን ልሙጥ ነው። ታዲያ ምኑን ገፍቶ ነው የሚያዞረው?

"ውሃ ይጣበቃል" አለኝ አባቴ። "ሲሄድ የነካውን ይዞ ይሄዳል።" እጄን ገንዳው ውስጥ ነክሬ አየሁት፤ ረጠበ እንጂ የያዘኝ ነገር የለም።

የእሱ ጭንቀት ሌላ ነበር። የርዳታ ስንዴ ይመጣል ይባላል፤ ናፍጣ ግን የለም። የተራበ ክንድ እንዴት አድርጎ ይፈጫል? ወንዙ ቢቀጥንም በዚያችው በቀረችው ውሃ ወፍጮ ሊያዞርበት ነበር ሐሳቡ።

አንድ ሐሙስ የሰፈሩ ሰው ለወዳጃ ተሰብስቦ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ባንድነት ስለ ዝናብ ሲለምን ዋለ። ማምሻው ላይ ሼህ እንድሪስና የሰፈራችን ቄስ አብረው ወደ ዛኒጋባዋ መጡ።

"ካሳ ልጄ" አሉ ሼሁ፣ "ክፉ ሰው እንዳልሆንክ እናውቃለን። ግን ክንፍ የሌለው ነገር በምን ይዞራል? አገሩ ዝናቡን ያሰረው ይሄ ነው እያለ ነው። ለአላህ ብለህ ፍታው።"

"አባባ፣ እኔ ይሄን የጀመርኩት እኮ ዝናቡ ከቀረ በኋላ ነው።"

"እሱስ እውነት ነው" አሉ ቄሱ። "ሰው ሲርበው ግን የቱ እንደቀደመ አይቆጥርም።"

አባቴ አንድ ሳምንት እንዲታገሡት ለመናቸው። እኔ ሳምንት አልጠበቅኩም። ጓደኛዬ ከድጃ ትንሽ ወንድሟ ከመዳከሙ የተነሳ ማልቀስ ትቶ ነበር፤ "አባትሽ ይፍታልን" ብላኝ ፊቷን አዞረችብኝ። አባቴ አይዋሽም። ሼሁም አይዋሹም። የማንን እንደማምን ጠፋኝ። በማግስቱ አባቴ ወንዙን ሊያይ ሲወርድ ሁለቱን ኩሽኔታዎች ፈትቼ፣ በነጠላዬ ቋጥሬ፣ ከሰፈራችን ጀርባ ካለው ገደል ወረወርኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ዘነበ። ሴቶች እልል አሉ፤ ሰዎች ደጃችን ድረስ መጥተው አባቴን "እግዜር ይስጥህ፣ ፈታህልን" ብለው መረቁት። እሱ ግራ ገብቶት ኩሽኔታዎቹን ይፈልጋል። አየሽ ወይ ሲለኝ አላየሁም አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ አላፈርኩም፤ ዝናቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ኮርቼ ነበር።

ስንዴው ሲመጣ ናፍጣው አልመጣም፤ መንኮራኩሩም ያለ ኩሽኔታ ቆሞ ቀርቷል። እናቴ በእጅ ወፍጮ ስትፈጭ መዳፏ ተላጠ። የጎረቤቶቿም እንዲሁ። ኩራቴ በዚያ ጊዜ ሟሸሸ፤ ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ ዘማች ተማሪዎችም ቀዬአችን ገቡ። አንዱ ጎፈሬ ጸጉሩን እያሻሸ ዛኒጋባዋን ዞሮ አየና ደብተሩን ገለጠ። አምና ይፍረስ የተባለው ነገር ዘንድሮ "ለሰፊው ሕዝብ የሚጠቅም ፈጠራ" ሆነ። የቱ ትክክል እንደሆነ ያኔም አልገባኝም።

"ማን አስቆመህ? ቄሱና ሼሁ ናቸው አሉ። ስማቸውን ንገረኝ" አለው አባቴን።

ያን ሰሞን ደብተር ላይ የሰፈረ ስም ምን እንደሚያመጣ አዋቂዎቹ ያውቁ ነበር። አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ማንም አላስቆመኝም" አለ። "ኩሽኔታዎቹን ገደል የጣልኳቸው እኔው ነኝ።"

ገደል አለ። እኔ ገደል የሚል ቃል ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። ቀና ብዬ ሳየው "አብሽሪ፣ ብርቄ" አለኝ፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ።

ዛሬ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ልሙጥ ክብ በውሃ እንዴት እንደሚዞር ለተማሪዎቼ በአንድ ክፍለ ጊዜ አስረዳለሁ፤ ቶሎ ይገባቸዋል። እኔን የማይገባኝ፣ አባቴ ያን ሁሉ ጊዜ እያወቀ፣ የእናቴን የተላጠ መዳፍ እያየ፣ እንዴት አንድ ቀን እንኳ ሳይቆጣኝ እንደኖረ ነው። ከዚያም በኋላ ሃያ ዓመት አብረን በላን፣ አብረን ጠጣን። ይቅርታ አልጠየቅኩትም።