የእኔና የኑሩ ድስት

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ካለው ቤቴ ጓሮ ሁለት ክፍል ለተማሪ አከራያለሁ። ዘንድሮ የገቡት አንዱ የደቡብ ሱዳን፣ አንዱ የሶማሊያ ልጅ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ደጃቸው ላይ ባንዲት ምድጃ ተራ በተራ እያማሰሉ፣ ሽንኩርቱ አርሯል አላረረም እያሉ ሲከራከሩ ሰማኋቸው። አርሯል፤ ሽታው እኔ ዘንድ ደርሷል። ባለቤቴ "ሂድና አሳያቸው እንጂ" ብትለኝ እንቢ አልኩ። ተቀምጬ ማሽተቱን መረጥኩ።

እኔም ሽንኩርት ማሳረር የጀመርኩት በሰው አገር ነው። በወጣትነቴ ለትምህርት ህንድ፣ ፑኔ የምትባል ከተማ ሄድኩ። እስከዚያ ድረስ ማጀት የምገባው ውሃ ለመጠጣት ብቻ ነበር። ከኑሩ ጋር የተዋወቅነው እዚያ ነው። እኔ የአዘዞ ልጅ፣ እሱ የአዲስ ዓለም ነጋዴ ልጅ፤ ጎንደር ሳለን ባንድ ሚኒባስ ተሳፍረን እናውቅ ይሆናል እንጂ አንተዋወቅም። ፑኔ ላይ ግን አማርኛ የሚሰማ ሰው ማግኘት ዘመድ ማግኘት ነው። አንድ ክፍል ተከራየን፤ አንድ ድስት ገዛን።

የገባነው ሁዳዴ በተያዘበት ሰኞ ነበር። በእኛ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም በሠርግም በለቅሶም አይለያይም፤ የሚለያየው በሥጋ ብቻ ነው። እኔ ያረድኩትን እሱ አይበላም፤ እሱ ያረደውንም እኔ አልበላም። በጾም ደግሞ እኔ ሥጋ አልነካም፤ እሱም ለእኔ ብሎ ቤት አያስገባም። ስለዚህ ሁዳዴን ሙሉ ከአንድ ድስት በላን። ማታ ማታ ገበያ ወርደን ቲማቲምና ቃሪያ እንገዛለን፤ መንገዱ በማንጎ ሽታ ታጥኖ ይቆየናል። እናቴ በላከችው ሽሮ ላይ እሱ የእናቱን በርበሬ ይጨምራል፤ ህንዶቹ ቻፓቲ በሚሉት ቂጣ እየጠቀለልን እንበላለን። ኑሩ ከእኔ ይሻል ነበር። "ማሩ፣ አንተ ሽሮ ትሠራለህ ወይስ ጭቃ ታቦካለህ?" ይለኛል። እንደዚያ ጊዜ ጠግቤ አላውቅም።

ቅዳሜ ሹር ከሰዓት በኋላ፣ ከገበያ ቀይ አውራ ዶሮ ታቅፎ መጣ።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"መግደፊያህ ነዋ። ምነው፣ ፋሲካን በሽሮ ልትውል ኖሯል?"

እውነቱን ለመናገር ዶሮ አምሮኝ ነበር፤ እሱን ላለማስከፋት ግን አላነሳሁበትም። "አንተ እረደው" አለኝ፣ "እኔ ከታች ቤት ካሉት ኬንያዎች ለዶሮው ድስት ተውሼ ልምጣ" ብሎ ወረደ።

አረድኩ፤ በለትኩ፤ አጠብኩ። ኑሩ አልመጣም። ሙቀቱ እንደ ምጣድ ያቃጥላል፤ ሥጋውም ይበላሻል ብዬ ሰጋሁ። ለማታ ሽሮ ብዬ የጣድኩት ሽንኩርት በዚያው ሰዓት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያርር፣ ሸጋ ሆኖ ቀልቶ ነበር። ሳላስብ ዶሮውን እዚያው ጨመርኩት። በጋራው ድስታችን።

ሳማስል ኑሩ ትልቅ ድስት በብብቱ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ምድጃውን አየ። እኔም ያን ጊዜ አየሁ። የያዘውን ድስት ቀስ ብሎ ከበሩ ኋላ አስቀመጠ።

"ሸጋ ሸቷል" አለ። "ኬንያዎቹ ቤት አልነበሩም፤ ስጠብቃቸው ነው የቆየሁ።"

ጥፋተኛው እሱ የሆነ ይመስል ነበር። ይቅርታ በማለት ፈንታ ወጡን ማማሰሌን ቀጠልኩ። በማግስቱ እኔ ዶሮ ስበላ እሱ አጠገቤ ዳቦና ማንጎ ይበላ ነበር። "ብላ እንጂ፣ ምነው ታፍራለህ?" አለኝ። ወጡ ጨው ይኑረው አይኑረው ዛሬም አላውቅም።

ሰኞ ለጋራችን አዲስ ድስት ገዛሁ፤ አሮጌው ለእኔ ሥጋ ቀረ። "ምን አደከመህ" ብሎ አመሰገነኝ፤ ሠራበትም። ከዚያ ወዲያ ግን ሊጎርስ ሲል እጁን ገታ አድርጎ "በየትኛው ነው የሠራኸው?" ይለኝ ጀመር። በክፋት አልነበረም፤ መጠየቅ ስላለበት ነው። ዝናቡ ሲገባ፣ ኮሌጁ ራቀኝ ብሎ ሌላ ሰፈር ተከራየ። ብንጣላ ኖሮ ሽማግሌ ያስታርቀን ነበር። እኛ ግን አልተጣላንም።

ኑሩ ዛሬ አዲስ ዓለም ሱቅ አለው። ፒያሳ ስንገናኝ ትከሻ ገጥመን እንሳሳማለን፤ አባቴ ሲሞቱም ሦስቱን ቀን ከድንኳኑ አልወጣም። ስለዚያ ቅዳሜ አንስተን አናውቅም። እኔ እፈራለሁ፤ እሱ ደግሞ እንዳያሳፍረኝ ይመስለኛል። ሰው ሁሉ ጾም ሲፈታ ደስ ይለዋል፤ እኔን ግን ሆድ ይብሰኛል። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ኑሩን ቤቴ ጠርቼ አብረን ሽሮ ልንበላ፣ ያኔ ያልወጣኝን ቃል ልነግረው አስባለሁ። ነገ እደውልለታለሁ እላለሁ። ነገ፣ ነገ ስል ፋሲካ ይደርሳል፤ በጠዋት ከሁሉ ቀድሞ "እንኳን አደረሰህ፣ ደህና ገደፍህ?" ብሎ የሚደውለው እሱ ነው።