ባዳ የማይለይ ሕፃን

የዱቄት ወተት በሙቅ ውኃ ሲበጠበጥ የሚወጣው ሽታ በአፍንጫዬ ባለፈ ቁጥር የያዝኩትን አስቀምጬ ዞር እላለሁ። ሌላ ሰው ይህ ሽታ የጨቅላ ጉንጭ ያስታውሰው ይሆናል፤ እኔን የሚያስታውሰኝ ፍርሃት ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሜድስቶን በሚባል የፈረንጅ አገር ሠፈር ውስጥ ሁለት መኝታ ባላት የኪራይ ቤት እንኖር ነበር፤ ናሆምም ገና ወንድሜ አልነበረም።

እማዬ እኔን ከወለደች በኋላ ሁለት ጊዜ ጸንሳ አልሰመረላትም። ከአዲስ አበባ አንድ ሕፃን በማደጎ አምጥተው ሊያሳድጉ ወስነው ፎርም መሙላት ሲጀምሩ እኔ ገና ማንበብ አልችልም ነበር፤ ማንበብ ተምሬ፣ እነሱ የሚሞሉትን ፎርም እያነበብኩ ማስቸገር ስጀምር እንኳ ፎርሙ አላለቀም ነበር። በዚያ ዓመት፣ የመንገዳችን ዛፎች ቅጠላቸውን በሚያረግፉበት ወራት፣ ለማደጎው ቤታችንን የሚገመግሙ ሰዎች እየመጡ ቁም ሣጥናችንን ሳይቀር ከፍተው ያዩ ነበር፤ እማዬም ከዋዜማው ጀምራ የመስኮቱን ጠርዝ በጨርቅ ስትወለውል ታመሽ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ስለዚህ ልጅ በየሳምንቱ ይጾሙ ነበር። በተለይ ከጉባኤው በዕድሜ ትልቋ እትዬ አስካለ፣ አንዴ ማይክ ከያዙ የማይለቁት፣ «ጌታ ሆይ፣ ለዚህች ቤት ልጅ!» እያሉ ጣሪያውን ያነቃንቁት ነበር። ስለዚህ ሕፃኑ የኛ ብቻ አልነበረም፤ የጉባኤው ሁሉ የጸሎት መልስ ነበር፤ ጣጣውም የጀመረው ከዚህ ነው።

እማዬና አባዬ ሄደው ይዘውት የተመለሱት ክረምቱ ገብቶ፣ ጧት ጧት የመኪናው መስታወት በረዶ በሚጋግርበት ሰሞን ነበር። ናሆም የዐሥር ወር ልጅ ነበር፤ ዐይኑ ትልልቅ፣ አንገቱ ቀጭን፣ እንባ የሚባል ነገር የማያውቅ። ጉዳያችንን የያዘችው ሶሻል ወርከር፣ ካሮል የምትባል ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ሴትዮ፣ ትእዛዝ ሰጥታ ነበር፦ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚያቅፈው፣ የሚመግበውና የሚያስተኛው እማዬና አባዬ ብቻ ይሁኑ፤ እንግዳ ይቆይ፤ እኔም ምንጣፍ ላይ ላጫውተው እንጂ እንዳላነሣው። እማዬ «ኖ ፕሮብለም» አለች፤ ያለችው ግን ለፈረንጅ እንደሚባለው፣ ለአፍ ያህል ነበር። ስንት ዓመት የጾመልህን ሰው በር ላይ አቁመህ «ሦስት ወር ቆይታችሁ ኑ» የምትለው በየትኛው አፍህ ነው?

የመጀመሪያው ቅዳሜ ደጃችን ላይ የተከመረው ጫማ መተላለፊያ አሳጣን። ናሆም ከአንዱ ጭን ወደ ሌላው ጭን እየተሻገረ ሳሎኑን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ የወሰደው ሁሉ ጋ ይሄዳል፣ ለሳቀለት ሁሉ ይስቃል።

«አይ ልጅ!» አሉ እትዬ አስካለ፣ ጉንጩን እየሳሙ። «ባዳ አይል፣ ዘመድ አይል፣ ሰው የማይፈራ፣ የተባረከ!»

እማዬ በኩራት ቁመት የጨመረች መሰለኝ።

ማክሰኞ ዕለት ካሮል መጣች፤ ናሆምም ገና ኮቷን ሳታወልቅ እጁን ዘረጋላት። እማዬ «ወዶሻል» አለቻት እየሳቀች፤ ካሮል ግን አልሳቀችም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ እንግዳ ሲያነሣው ወደ እናቱ ዞሮ ማልቀስ እንዳለበት፣ ይህ ልጅ የማያለቅሰው ደፋር ስለሆነ ሳይሆን እናት የሚባለው የትኛዋ ሰው እንደሆነች ስላላወቀ መሆኑን ቀስ ብላ አስረዳች። ቅዳሜ ስንት ሰው እንዳቀፈው ስትጠይቅ እማዬ አልዋሸችም። ካሮልም ጻፈች፤ ብዙ ጻፈች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው።

አባዬ ዲር ፓርክ ካለው መጋዘን ከሺፍት እንደገባ እማዬ ነገረችው። «ፍርድ ቤቱ እስኪያጸድቅልን ድረስ እኮ ገና የኛ አይደለም» አላት፣ የሥራ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ።

«ማሚ፣ አር ዘይ ቴኪንግ ሂም?» አልኩ ከበሩ ሥር።

«ማንም አይወስደውም!» ብላ ጮኸችብኝ፤ በመጮኋ ይበልጥ ፈራሁ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ተዘጋ። እማዬ በስልክ ሁሉንም «አትምጡብን» አለች፤ እሑድም ከቤተ ክርስቲያን ቀረች፤ ሕፃኑን በነጠላ ጀርባዋ ላይ አስራ ቫኪዩም ታደርጋለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ዐይኑን እያየች ታበላዋለች። «ልጅ ባገኘች ማግስት ኮራች» መባሉ ጆሯችን ደረሰ። ናሆም ግን ያው ናሆም ነበር፤ አስተኝታው ስትወጣ አይፈልጋትም፣ ስትመለስም አይፈነድቅም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ አነቃቁ ነበር፤ ሌላ ሕፃን ሲነቃ ያለቅሳል፣ እሱ ጣሪያውን እያየ ዝም ብሎ ይተኛል፣ ቢጣራ የሚመጣ ሰው እንደሌለ አስቀድሞ የተነገረው ይመስል።

አንድ ከሰዓት እማዬ ሻወር ውስጥ ሳለች እንዲያ ተኝቶ አገኘሁትና አልቻልኩም። አነሣሁት፤ ወተቱን በጥብጬ ሰጠሁት፤ እየጠጣም ጣቴን ያዘኝ። ወደድኩት። ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ፤ ትእዛዙን ሰብሬ ልቡን ያምታታሁበት፣ ከዚህ በኋላ እማዬን ባይለይ ጥፋቱ የኔ የሆነ መሰለኝ። ጡጦውን አጥቤ ቦታው መለስኩ፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም። ካሮል በመጣች ቁጥር ከፊቴ ላይ የምታነብብኝ እየመሰለኝ ሽንት ቤት ገብቼ እደበቅ ነበር።

ብርዱ ሰበር ብሎ የጎረቤታችን ዛፍ ማበብ ሲጀምር፣ እትዬ አስካለ ሳይደውሉ መጡ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ።

«ልጄ፣ ምን በድዬሽ ነው?» አሉ እማዬን፣ ገና ሳይቀመጡ። «ያጠፋሁት ካለ ንገሪኝና ይቅርታ ልጠይቅ።»

«ኧረ እትዬ፣ እርስዎ ምን ያጠፋሉ!» አለች እማዬ፤ ፊቷ ቀልቶ፣ ናሆምን በክንዷ ይዛ።

«እንግዲያው የጸለይኩበትን ልጅ ልቀፈዋ!» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ለእንዲህ ያለች አሮጊት እምቢ አይባልም። እማዬ ዐይኗን ጨፍና ሰጠቻቸው።

ናሆም አያቸው። ዞሮ እማዬን አያት። የታች ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ወደ እሷ እየተንጠራራ፣ ጎረቤት በሚሰማ ድምፅ አለቀሰ።

«ወይኔ! ልጁን አስደነገጥኩት!» ብለው መለሱላት። አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ዝም አለ። እማዬ እንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር።

«ሰው ለየ! እትዬ፣ ሰው ለየልኝ! እስቲ በሞቴ አንድ ጊዜ ደግመው ይውሰዱት!»

እትዬ አስካለ ያበደች መስሏቸው ወደ ኋላ አሉ፤ ነገሩ ሲገባቸው ግን ያለ ማይክ ጣሪያውን አነቃነቁት። እኔም ቀርቤ እጄን ዘረጋሁለት። ፊቱን ከእማዬ አንገት ሥር ቀበረብኝ። ከላዬ ላይ ሸክም ወረደልኝ፤ ትንሽም ከፋኝ።

ዛሬ ናሆም በቁመት በልጦኛል፤ ይህን ስነግረው «ሜድ አፕ ስቶሪ፣ የፈጠራ ወሬ ነው» ብሎ ይስቅብኛል። እኔ ክሬጊበርን ውስጥ ሕፃናት ማቆያ እሠራለሁ። በየጧቱ ልጆች የእናታቸውን ቀሚስ ይዘው ይጮኻሉ፤ እናቶቹም አፍረው ይቅርታ ይጠይቁኛል፤ እኔም «ግድ የለም፣ አሁን ይተዋል» እላቸዋለሁ። ያኔ አንዲት ለቅሶ ጠብቀን ክረምቱን ሙሉ ከርመናል፤ አሁን ከቁርስ በፊት ጆሮዬ እስኪደነቁር እሰማለሁ። በሩ ሲዘጋ ግን ከሚያለቅሱት አስቀድሜ የምሄደው፣ እናቱ መሄዷን ቀና ብሎ እንኳ ወዳላየው ልጅ ነው።