ሰናይት በሙስዬ ፈንታ «እኔ» ስትል

የሰናይትን ሥራ ማየት የሚፈልግ እሁድ ቤተ ክርስቲያናችን ይምጣ። እዚህ ላስ ቬጋስ ያደጉት ልጆች አማርኛው ስለማይገባቸው፣ ፓስተሩ ሲሰብክ እሷ ከጎኑ ቆማ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች። ባለፈው ዓመት አንድ እንግዳ ሰባኪ መጣና ምስክርነቱን ጀመረ። «ሰካራም ነበርኩ፤ ከሚስቴ ጋር አንድ ቀን በሰላም ውዬ አላውቅም» አለ። ሰናይት ፊቷን ሳታጨማድድ፣ ማይኩን ይዛ፣ «ሰካራም ነበርኩ፤ ከሚስቴ ጋር አንድ ቀን በሰላም ውዬ አላውቅም» ብላ በእንግሊዝኛ አስቀመጠችው። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቄ አላስቀምጥ ብሎኝ ውጭ ወጣሁ።

ኋላ ፓርኪንግ ላይ ይዣት «ምናለ ‹ሰካራም ነበር አለ› ብትይ?» አልኳት።

«አይባልም አቦ» አለች፤ የድሬዳዋ ልጅ ናት። «ሰውየው ‹እኔ› ካለ እኔም ‹እኔ› ነው የምለው። አልጨምርም፣ አልቀንስም። ሥራው እንደዛ ነው።»

የእሁዱ በነጻ ነው። እንጀራዋ ሜዲካል ዲስትሪክት ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ የፈረንሳይኛና የአማርኛ አስተርጓሚነት ነው። እኔ ጽጌወይን እባላለሁ፤ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። ሰንራይዝ ማነር የሚባል ሠፈር አንድ ሕንፃ ላይ፣ በሯ ከበሬ ትይዩ፣ ሰባት ዓመት ኖረናል። የእሷ ሺፍት ሲረዝም ልጇ ሮሐ እኔ ቤት ነው የምትቆየው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አማርኛዋን እንደ እንግሊዝኛ እየጎተተች «ጽጌዬ፣ እኔ ርቦኛል ነኝ» ስትለኝ ያለኝን ሁሉ አውጥቼ አበላታለሁ።

የሰናይት አባት የድሬዳዋ ባቡር መካኒክ ነበሩ። እዚያ ሥራው በፈረንሳይኛ ስለነበር፣ እሳቸውም ቤት ገብተው ልጆቻቸውን የሚቆጡት በፈረንሳይኛ ነበር። በዚያ ቋንቋዋ ጅቡቲ ፈረንሳዮች ቤት ልጅ ጠባቂ ሆና ገባች፤ ሰዎቹ አገራቸው ሲመለሱ ይዘዋት ሄዱ። እዚያ ከእነሱ ወጥታ ጥገኝነት ጠየቀች፣ ሳይሳካ ቀረ፤ ልጅ ታቅፋ ድሬ ተመለሰች፣ ዲቪ ሞላች፣ ደረሳት። ስለ ፈረንሳይ የማውቀው ይህችኑ ነበር። ስጠይቃት «ብርድ ነው» ትላለች፤ ሌላ ቃል አይወጣትም። እኔም ሆዷ የያዘውን ይያዝ ብዬ ትቼው ነበር።

ባለፈው ወር ግን ነገረችኝ። የሰውየውን ስም አልሰማሁም፤ የበሽተኛ ስም መናገር ክልክል ነው። ሙስዬ እያለች ስለነገረችኝ እኔም ሙስዬ እለዋለሁ።

ሙስዬ ፈረንሳዊ ነው፤ ሰባ ስድስት ዓመቱ። ኢንስፒራዳ የሚባል የሀብታም ሠፈር ውስጥ ቤት አለው፤ አሜሪካዊት ሚስቱ ሞታ ከአንድ ውሻ ጋር ብቻውን ይኖራል። ፖስታውን ሊያወጣ እንደወጣ ስትሮክ ጣለው። ሲነቃ ግራ ጎኑ አይታዘዝም፣ ዓይኑም ግማሹን ብቻ ነው የሚያየው፣ የነበረችው እንግሊዝኛ ደግሞ ጥርግ ብላ ጠፍታለች። ፈረንሳይኛው ብቻ ቀረ። ሰናይት ተጠራች።

ገና በሩን አልፋ ስትገባ አያትና ለዶክተሩ አንድ ነገር ተናገረ። ዶክተሩ ወደ እሷ ዞረ። እሷም በዚያው በተለመደ ድምፅዋ፣ «እውነተኛ ፈረንሳዊ አምጡልኝ፤ ይቺን ጥቁር አልፈልግም» አለች፤ እሱ ያለውን ማለቴ ነው። ዶክተሩ ቀልቶ ወለል ወለሉን አየ። በቪዲዮ የሚያስተረጉም ሰው ሞከሩለት፣ ነገር ግን ያ ዓይኑ ስክሪኑን አልይዝ አለ። የግዱን ተቀበላት። እኔ ብሆን ውሃውን በፊቱ ላይ ደፍቼ ነበር የምወጣው። እሷ ግን ሁለት ቀን ሙሉ «እዚህ ጋ ያመኛል፣ ሽንቴ መጣ» እያለች ስትተረጉምለት ዋለች።

በሦስተኛው ቀን ዋናው ምርመራ ሆነ። ሰውየው ለራሱ መወሰን የሚችል አእምሮ አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው። አለው ከተባለ ቤቱ ይመለሳል፤ የሚረዳው ሰው ይመላለስለታል። የለውም ከተባለ ፍርድ ቤት ሞግዚት ይሾምበታል፣ ቤቱ ይሸጣል፣ እሱ አረጋውያን መጦሪያ ይገባል፣ ውሻው ይወሰዳል። ዘመድ የለው፣ የሚሟገትለት የለው። ይህን ሁሉ ሰናይት አንድም ሳታስቀር ተርጉማለታለች፤ ሙስዬ አሳምሮ ያውቀዋል።

ክፍሉ ውስጥ አራት ናቸው፤ ሙስዬ፣ ሰናይት፣ ዶክተሩና የበሽተኛን የቤትና የዘመድ ጉዳይ የምትከታተል አንዲት ሶሻል ወርከር። ቀኑን ጠየቁት፣ አወቀ። የት እንዳለ ጠየቁት፣ አወቀ። ቀጥሎ ዶክተሩ «ሥራዎ ምን ነበር?» አለው።

«ፖለቲከኛ ነበርኩ» አለ ሙስዬ። ሰናይትም «ፖለቲከኛ ነበርኩ» አለች።

ከዚያ እሱ ተናገረ፣ እሷ እግር በእግር ተከተለችው። በአሥራ ሰባት ዓመቴ የሙጫ ባልዲ ተሸክሜ፣ ጎህ ሳይቀድ ፖስተር እየለጠፍኩ ጀመርኩ። ፖስተሩ የውጭ ሰው ካገራችን ይውጣ ይላል። ሰው ይስቅብኝ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተደብድቤያለሁ። አራት ጊዜ ተወዳድሬ አራት ጊዜ ወደቅኩ። የመጀመሪያ ሚስቴ ስብሰባው ሰልችቷት ትታኝ ሄደች። አምስተኛው ላይ የከተማችን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተዘጋ፣ ሰው ተቆጣ፣ እኛን መረጠ። ምክትል ከንቲባ ሆንኩ። ፎቶዬ በየግድግዳው ነበር፤ አደባባይ ስወጣ ስሜን እየጠሩ ያጨበጭቡልኝ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ፓሪስ ያሉት የፓርቲያችን አለቆች ሰለጠንን አሉና እንደኔ ባለው አፈሩ። በሁለት መስመር ደብዳቤ አባረሩኝ። ብቻዬን ብወዳደር ከሠፈሬ ሰው በቀር የመረጠኝ የለም።

ከዚያማ አገር ልታይ የሄደች አሜሪካዊት አገባና ግሪን ካርድ ይዞ መጣ። የውጭ ሰው ይውጣ ሲል የኖረው ሰውዬ ማለቴ ነው። ይሄን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ሰናይት ግን አልሳቀችም። መሐል ላይ የከተማዋን ስም ጠርቷላ። ጥገኝነት ስትጠይቅ የኖረችባት ከተማ ናት። የተጣመመውን ፊት ትታ ደህናውን ጎን ብቻ አየችው፤ የግድግዳው ላይ ሰውዬ ነው።

እዚህ ላይ ሕጉ ግልጽ ነው፤ አስተርጓሚ በሽተኛውን የምታውቀው ከሆነ አሳውቃ ትወጣለች። «ለምን አልወጣሽም?» ስላት «እግሬ አልነሳ አለኝ» አለች።

ዶክተሩ ያመነው አይመስልም። «ምክትል ከንቲባ ሆነው የሠሩትን አንድ ነገር ይንገሩኝ» አለ።

ሙስዬ ቀና አለ። «ከፋብሪካው ጀርባ የነበረውን የስደተኞች ማረፊያ ዘጋሁ። ፌብሩዋሪ ነበር፣ የብርድ ወር። አርባ አንድ ሰው። እግረኛ መንገዱ ላይ ቆሜ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ሲገቡ ዝርዝሬ ላይ አንድ በአንድ ምልክት አደረግኩ። በዕድሜዬ ለሕዝብ ቃል ገብቼ የፈጸምኩት እሱን ነው።»

ሰናይት አፏን ከፍታ «ማረፊያውን ዘጋሁ» አለች። «እግረኛ መንገዱ ላይ ቆሜ አንድ በአንድ ምልክት አደረግኩ» አለች። በገዛ አፏ ራሷን አስወጣች። «ድምፄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም» ነው የምትለው።

ሶሻል ወርከሯ አይደለም ስትል ራሷን ነቀነቀች። የሰውየው ጎረቤት ተጠይቃ ሴራሚክ ሻጭ ነበር ብላለች። ለካ ሙስዬ ኢንስፒራዳ ላለው ሰው ሁሉ ሴራሚክ ሻጭ ነበርኩ እያለ ነው የኖረው። አፍሮ ይሁን ፈርቶ እሱ ያውቃል። ዶክተሩ እየጻፈ፣ «ያልነበረ ታሪክ በአእምሮው ይፈጥራል፤ ቅዠት ነው» አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የሰማውን ነው የመዘነው።

ክፍሉ ውስጥ የተባለ ሁሉ ለበሽተኛውም መነገር አለበት። ሰናይት ዞራ «ዶክተሩ ያልነበረ ታሪክ ይፈጥራል፣ ቅዠት ነው ይላል» አለችው።

ሙስዬ በደህናው እጁ የአልጋውን ብረት ጨበጠ። ይቆጣል ብላ ስትጠብቅ አለቀሰ። ከንፈሩ አልታዘዝ እያለው፣ ያን ሁሉ ዘመን እንዴት ቅዠት ነው ይሉኛል አለ። ከዚያ፣ ሆስፒታል ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለራሷ ተናገራት። እስከዚያ ድረስ «ይቺ» ነበር የሚላት። «እመቤት» አላት፤ «እርስዎ አገሬን ያውቁታል፤ ከአነጋገርዎ ያስታውቃል። እባክዎ ይንገሯቸው።»

እሱንም ተረጎመችው። «እመቤት፣ እባክዎ ይንገሯቸው» አለች። ዶክተሩ ወረቀቱን ሊፈርም ብዕሩን አስጠግቷል።

አስተርጓሚ ያልገባት ቃል ሲኖር ራሷን እንደ ሌላ ሰው ጠርታ «አስተርጓሚዋ መጠየቅ ትፈልጋለች» ማለት ትችላለች። ለቃል ነው የተፈቀደው፣ ለምስክርነት አይደለም። ሰናይት ያን አውቃ ነው የጀመረችው።

«አስተርጓሚዋ በራሷ ስም መናገር ትፈልጋለች» አለች። «ማረፊያው ነበረ። እኔ እዚያ እኖር ነበር። ይህ ሰው ሰማያዊ ካፖርት ለብሶ፣ ዝርዝር ይዞ እግረኛ መንገዱ ላይ ቆሞ ነበር። ቅዠት አይደለም። የተሳሳተው ቁጥሩን ነው። አርባ ሦስት ነበርን። ሁለቱ ሕፃናት ነበሩ፤ አንዷን የታቀፍኳት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወደ ሙስዬ ዞራ ያንኑ ቃል በቃል በፈረንሳይኛ ደገመችለት። የተባለ ሁሉ ይነገራል ብያለሁ።

ሙስዬ እንባውን በደህናው እጁ ጠረገ። «በዝርዝሩ ላይ የነበሩት አርባ አንድ ናቸው» አለ።

ሰናይት ወደ ዶክተሩ ዞረች። «በዝርዝሩ ላይ የነበሩት አርባ አንድ ናቸው» አለች።

ወረቀቱ ሳይፈረም ቀረ። በማግስቱ ሶሻል ወርከሯ ወደዚያች ከተማ ደውላ አጣራች፤ ስሙም ሹመቱም ልክ ሆኖ ተገኘ። ሌላ ዶክተር በሌላ አስተርጓሚ እንደገና መረመረው፣ አእምሮው ደህና ነው ተባለ። ሰናይት ደግሞ ሄዳ ራሷን ከሰሰች፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣት። ሁለተኛ ብትደግመው ከሥራ ትወጣለች።

ይህን የነገረችኝ ቅዳሜ፣ ሕንፃችን ምድር ቤት ልብስ እያጠብን ነው። ደሜ ፈላ። የያዝኩትን አንሶላ ጥዬ፣ «አብደሻል እንዴ? ሕጉ ራሱ ዝም በይ እያለሽ! ዝም ብትዪ እግዜር ነው የሚከፍለው ብለሽ ታልፊ ነበር። ሥራሽን ለማን ብለሽ ነው የምታጪው? ለሱ?» አልኳት።

የሮሐን ካልሲ አጣመረች። «ለሱ ማን አለሽ» አለች። «ጽጌ፣ ሐኪም ቅዠት ነው ብሎ ሊፈርምበት ነበር። ቅዠት ከሆነ እኔ ያን ቀን የት ነበርኩ? አውቶቡሱ ካራገፈን በኋላ ልጄን ታቅፌ ማርሴይ ባቡር ጣቢያ ወለል ላይ ሦስት ቀን ያደርኩት በማን ቅዠት ነው? ያን ቀን ያየ ሌላ ሰው እዚህ አገር የለኝም፤ እኔና እሱ ብቻ ነን። እሱ እብድ ከተባለ በኔ ላይ የሆነው ነገር አልሆነም ማለት ነው። ያንን መተርጎም አልቻልኩም።»

እንባዬ መጣ፤ አልደብቅም። ቁጣዬም ግን አለቀቀኝም፣ እስካሁንም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም።

«ኋላስ አመሰገነሽ?» አልኳት።

ከሆስፒታል በሚወጣበት ቀን ሌላ አስተርጓሚ ጠፍቶ እሷው ተጠራች። ነርሷ ኪኒኖቹን ደርድራ፣ ይሄ ጠዋት፣ ይሄ ከምግብ በኋላ እያለች ታስረዳለች። ሙስዬ አቋረጣት። «ሕፃኗ እንዴት ናት?» አለ። ሰናይት ለነርሷ «ሕፃኗ እንዴት ናት?» አለቻት። ነርሷ ምንም የምታውቀው የለ፤ «የቷ ሕፃን?» አለች። ሰናይትም ለሱ «የቷ ሕፃን?» አለችው። «በዝርዝሩ ላይ ያልነበረችው» አለ። ነርሷ ሁለቱን እያፈራረቀች ታያለች።

«እና ምን አልሽው?»

«ምንም» አለች ሰናይት። «ያን ቀን ፊት ለፊቱ ሳልፍ ሮሐ ታለቅስ ነበር፤ ቀና ብሎ አላያትም፣ አልጻፋትም። አሁን እኔ አላስጽፋትም። ለነርሷ ‹አስተርጓሚዋ አትመልስም፤ ይቀጥሉ› አልኳትና ወደ ኪኒኑ ተመለስን።»